ናና የሚሸተው ካፖርት

እናቴ ክር በመቀስ አትቆርጥም። ስፌቱ ሲያልቅ ጎንበስ ትልና ክሩን በፊት ጥርሶቿ መሃል አስገብታ ቀጭ ታደርገዋለች። ልጅ ሆኜ ከስፌት መኪናዋ ሥር ስጫወት የማውቀው ድምፅ ነው፤ መጀመሪያ የመርገጫው ጓጓታ፣ ቀጥሎ ዝምታ፣ ከዚያ ቀጭ። መቀሱ ፊቷ ተቀምጦ እንኳ እጇ ወደሱ አይሄድም።

"መቀስ ፍለጋ ስዳብስ ሌላ ልብስ አልጀምርም?" ትላለች።

ከሩቅ አገር ትምህርት ስመለስ ግን አንድ የማላውቀው ነገር አየሁባት። ድሮ ጥርስ የማታስከድን ቀልደኛ ነበረች፤ አሁን ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እኔ በሌለሁበት አንድ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሰው ሠራሽ ተተክቶላታል። እሱን ግራና ቀኝ አቅፈው የያዙት የራሷ ጥርሶች ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ መነቃነቅ ጀምሯል።

የወሰድኳት የጥርስ ሐኪም ወጣት ሴት ነች። ድዱን በቀጭን ብረት ነካ ስታደርገው ደም አቀረረ።

"እማማ፣ በዚህ ጥርስ ምን እየከፈቱበት ነው? ጫፉ ተሸርፏል እኮ።"

"ኧረ ምንም" አለች እናቴ። እኔም አላጋለጥኳትም።

"ድዱ ቆስሏል። በየቀኑ በጥርስ ክር ከጸዳ ሊጠነክር ይችላል። በሚቀጥለው ወር እንዲሁ ካገኘሁት ግን እነቅለዋለሁ፤ እሱ ከሄደ ሰው ሠራሹም አብሮ ይወርዳል።"

"የትኛው ክር ነው ጥሩው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"እሱ እንደ አፉ ነው። የእናትህ ጥርስ..." ብላ ማስረዳት ስትጀምር፣ መንቀል የሚለውን የሰማችው እናቴ ነጠላዋን አንስታ ኮሪደሩን አጋምሳው ነበር። ተከትያት ሮጥኩ። ክር መምረጥ ደግሞ ምን ይከብዳል አልኩ በልቤ።

መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ፊት ቆሜ ነው ክብደቱ የገባኝ። ናና የሚሸት ሰም የተቀባ አለ፣ ሰም የሌለው አለ፣ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ የሆነ አለ፣ እጀታ ያለው አለ። የእያንዳንዱን ጀርባ አነበብኩ፤ አንዱን መልሼ ሌላውን አነሳሁ፤ የመለስኩትን እንደገና አነሳሁ። እንዲህ ነኝ። ልቅር ወይስ ልመለስ የሚለውንም ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚሁ ሳገላብጠው ሻንጣዬ ገና አልተፈታም።

"የኔ ወንድም" አለችኝ ባለመድኃኒት ቤቷ፣ "ክር ነው የምትመርጠው ወይስ ሚስት?"

ሁሉንም ገዝቼ ወጣሁ።

እናቴ ጨርቅ በምትቀድበት ጠረጴዛ ላይ ደርድራ አየቻቸው። ባለ እጀታውን አንስታ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። "ይኼ ወንጭፍ ለጥርሴ ነው ወይስ ወፍ ላባርርበት?" ሰም የተቀባውን ግን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችና "ይኼስ ክር ነው" ብላ ከመኪናዋ አጠገብ አኖረችው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሳሎኑን ሳቋርጥ የክሩን መያዣ በስውር አነሳና በእጄ እመዝነዋለሁ። ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ ሄደ። ደስ አለኝ፤ መምረጥ እችላለሁ ማለት ነው ብዬ ለራሴ ጉራ ነዛሁ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ሾፌሩ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ ገባ።

"እትዬ፣ ምን ዓይነት ሥራ ሠሩብኝ? ቁልፎቹ ናና ናና ይላሉ! ሚስቴ፣ ከማን ጋር ከረሜላ ስትበላ አመሸህ ብላ አፋጠጠችኝ።"

እናቴ ወደ እኔ ሳታይ ጨርቅ ማጠፍ ያዘች።

"ግን ክሩ!" አለ ሾፌሩ። "ብጎትተው፣ ብጎትተው፣ ወይ ፍንክች! የቀሩትንም በሱው ይስፉልኝ።"

እስኪወጣ ጠበቅኩ።

"እማዬ! ጥርስሽ ሊነቀል ነው እኮ፣ አንቺ በክሩ ቁልፍ ትሰፊበታለሽ?"

"የካፖርት ቁልፍ እንዲህ ያለ ክር ነው የሚወደው። ታዲያ ልጣለው?" አለችና ድምጿ ወረደ። "ሞክሬዋለሁ፣ ልጄ። ከላይ አልገባ አለኝ። በጎን በኩል በግድ ሳስገባው አፌ ደም በደም ሆነ፣ ጥርሱም የባሰ የተወዛወዘ መሰለኝ። በገዛ እጄ ልንቀለው? ምን ቆርጦኝ!"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያን ሁሉ ቆመህ መርጠህ አልሆነኝም ልበልህ?" ዓይኗን ወደ መኝታ ቤቴ በር ላከች። "ሻንጣህ እንደሁ ገና አልተፈታ። ቅር እንዲልህ አልፈልግም።"



በማግስቱ ብቻዬን ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ በጥርሷ ክር መቁረጧንም ጭምር።

"ከላይማ እንዴት ይገባል? ጥርሶቹ ከሰው ሠራሹ ጋር ተያይዘዋል" አለች። "ከሥር ነው መሹለክ ያለበት።" ጫፉ ደረቅ፣ መሃሉ እንደ ስፖንጅ ያበጠ ክር ሰጠችኝ። "ደሙ አያስፈራችሁ፣ ድዱ ሲድን ይቀንሳል። በጥርስ መቁረጡ ግን ከዛሬ ጀምሮ ያብቃ።"

እናቴ ደረቁን ጫፍ ስትዳብስ ፊቷ ፈካ። "ይኼማ መርፌ አለው!" መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ በትንሽ መስታወት ሞከረች። ጫፉ ድዷን ሲነካ ግን እጇን መለሰች፤ መርፌ ስትይዝ እንዲያ አትፈራም።

"እኔ ላድርግልሽ?"

ትንሽ አሰበች። "እጅህን ታጠብ" አለች፤ ልጅ ሆኜ ምግብ ሲቀርብ በምትለኝ ድምፅ።

የእናቴን አፍ ውስጡን አይቼ አላውቅም ነበር። የጥርሷ ጫፍ ክሩ ዘወትር በሚያልፍበት ቦታ ላይ ጎድጉዷል። ደረቁን ጫፍ ከሰው ሠራሹ ጥርስ ሥር አሾለክኩና ቀስ ብዬ ሳብኩት። የእጄን አንጓ ጭምቅ አድርጋ ያዘች፤ ግን አልገፋችኝም።

"አመመሽ?"

ክሩን እስካወጣ ጠበቀች። "አንተ፣ እጅህን አፌ ውስጥ ከተህ ጥያቄ ትጠይቀኛለህ?"

በየጠዋቱ እንዲህ ሆነ። እየዋለ እያደር ዓይኗን ጨፍና በዳሰሳ ራሷ ለመደችው። "የቀኙ ግን አይታየኝም" እያለች ያን ወገን ለእኔ ትተውልኝ ነበር። መስታወቱ ቀኙንም ግራውንም እኩል ያሳያል። እኔም እጄን ታጥቤ እመጣ ነበር።

ወሩ ሲያልቅ ሐኪሟ ጥርሱን በጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ደግማ ገፋችው። እናቴ ነጠላዋን ጨብጣ ቀርታለች።

"ይቆያል" አለች ሐኪሟ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ የሾፌሩን ካፖርት ታቅፋ ተቀመጠች። የመጨረሻውን ቁልፍ ሰፍታ እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች። ክሩ ከንፈሯ ጋ ሲደርስ ቆመ። መቀሱን ፈለግን፤ ከጨርቅ ክምር ሥር የት እንደገባ እንጃ። ክሩን ወጠር አድርጋ ወደ እኔ ዘረጋችው።

ጎንበስ ብዬ በጥርሴ ቀጭ አደረግኩት።

"አንተ ሞኝ!" ብላ ትከሻዬን መታችኝ። "ደሞ አንተን ሐኪም ቤት ላመላልስ?" እጇ ወደ አፏ ሳይሄድ፣ ድሮ እንደምትስቀው ሳቀች። ምላሴ ላይ ናና ናና አለኝ።