የሸማኔዎች ጓሮ

«የሸማኔዎች ጓሮ የሚባል ቦታ ያውቃሉ?» አለ እንግዳው፣ የኑላን እጅ ጨብጦ «እግዜር ያጽናዎት» ካለ በኋላ።

ኑላ እጇን ሳብ አደረገች። አባቷ ኮልማን ከጀርባዋ፣ መቁጠሪያው በጣቶቹ ላይ ተጠምጥሞ፣ ክፍት የሬሳ ሳጥን ውስጥ ተጋድሟል።

«እንዲህ የሚባል ቦታ የለም።»

«ካርታ ላይስ የለም። ቅድመ አያቴ ግን ወደ አውስትራሊያ የተሰደደችው ከዚያ ተነሥታ ነው። አባትዎን ልጠይቅ እየመጣሁ ሳለ ማረፋቸውን በሬዲዮ ሰማሁ።»

ለቅሶ የመጣን ሰው ማባረር ነውር ነውና ሻይና ሳንድዊች ሰጠችው። ዓይኗን ግን አልነቀለችበትም። መስኮት በመስኮት እየዞረ ውጭ ውጭውን ያያል።

«የመሬት ሽታ የሳበው ለቀስተኛ» አለች አክስቷ ደሊያ ጓዳ ውስጥ፣ ሳህን እያደራረቀች። «አስከሬኑ እንኳ ከቤት ሳይወጣ። አላውቅም በይው። አባትሽም ዕድሜውን ሙሉ አላውቅም እንዳለ ነው የሞተው።»

ኑላ ግን ቦታውን ታውቃለች፤ ከቤታቸው በላይ ዳገቱ ላይ ያለው መስክ ነው። ከብቶቿ የብርዱን ወራት የሚወጡት በዚያ መስክ ድርቆሽ ነው፤ መስኩ ከእጇ ከወጣ እሷም አለቀላት። የኮልማን አያት፣ ባለርስቱ ሸማኔ ጎረቤቶቹን ከነልጆቻቸው ሲያባርር መሬታቸውን ተቀብሎ አረሰ። ለአገሩ ሰው ከዚህ የከፋ ውርደት የለም። ልጅ ሳለች አባቷ እውነተኛውን ስም አንዴ ብቻ ነግሯት «ከዚህ ደጅ ውጭ እንዳትጠሪው» ብሏታል።

«ለምን?»

«ስም ባለቤቱን ይጠራላ።»

ከዚያ ወዲህ «ላይኛው መስክ» እንዳሉት ቀረ። የሚያውቁት ሽማግሌዎችም አንድ በአንድ አለቁ።

በማግስቱ ሳጥኑ ሊዘጋ ሲል እንግዳው ተመልሶ መጣ። ኑላ በር ላይ ጠበቀችው።

«መሬት ፈልገው ከሆነ በግልጽ ይናገሩ። አባቴን በሰላም ልቅበር።»

ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። «መሬት ምን ያደርግልኛል፣ ያሉኝን በጎች መጠበቁም አድክሞኛል። ቅድመ አያቴ በየዓመቱ የሙታን ቀን ሲደርስ ታለቅስ ነበር አሉ። እዚያ ለቀሩት ሙታኖቿ ምድጃ የሚጠርግላቸው ሰው የለማ።»

ኑላ የበሩን መቃን ያዘች።

በሙታን ቀን ዋዜማ ሁሉም፣ ሙታኑ ሌሊት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ብሎ፣ ምድጃውን ጠርጎ ወንበር አስጠግቶላቸው ይተኛል። አባቷ ግን የራሱን ከጠረገ በኋላ መጥረጊያውን ይዞ ወደ ላይኛው መስክ ይወጣ ነበር። አንድ ዓመት ተከትላው አየችው። ጣሪያ በሌለው የቤት ፍርስራሽ ውስጥ ተንበርክኮ የምድጃውን ድንጋይ ይጠርጋል። ያኔ እንዳረጀ ሰው አእምሮውን የሳተ መስሏት አፍራ ተመለሰች። አንድም ቀን አልጠየቀችውም፤ አሁን የሚያንገበግባት ይኸው ነው።

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ወደ ምግቡ ሲገባ እሷ እንግዳውን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ደሊያ ከደጅ ሆና «ኑላ፣ ነግሬሻለሁ» አለቻት። ኑላም ሰውየውን ገና ሙሉ በሙሉ አላመነችውም።

«የሸማኔዎች ጓሮ ይኸው ነው» አለች። «ምድጃውም ተጠርጎላቸዋል። በየዓመቱ።»

«ማን ጠረገላቸው?»

ኑላ ወደ በሩ ጎንበስ አለች። የመስኩ በር የተዘጋው አባቷ በገዛ እጁ በጠመዘዘው ሽቦ ነው። እንዳይሰበር ተጠንቅቃ ዙር በዙር ፈታችው፤ የእጁን ጥምዝ እንደ ያዘ፣ ሳታቃና ኮት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።