ከአጥሩ አርቁት

ባሌ ዴልማር ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ኮምፒውተሩን ግን አልጣልኩትም። አሮጌ ነው፣ እዚህ ኬንታኪ ውስጥ እንዲህ ያለ የሚጠቀም የለም ይሉኛል። ይበሉ።

ዴልማር በየጠዋቱ የእሽቅድምድሙን ጋዜጣ ዘርግቶ የፈረሶቹን ስም፣ የሚሸከሙትን ክብደትና ያለፉ ሩጫዎቻቸውን ያስገባበት ነበር። ፕሮግራሙ አስልቶ ማን እንደሚቀድም በአረንጓዴ ፊደል ይደረድራል። በጎን ደግሞ ዴልማር ሜዳ ላይ አይቶ የጻፈው ማስታወሻ ይወጣል። እኔ ጋጣ ውስጥ ፈረስ ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ትምህርት የለኝም፣ ግን ፊደሎቹን በአንድ ጣት እየፈለግሁ መንካት አያቅተኝም። ቁማር አልጫወትም። የማስገባው ልጃችን ሬቫ የምትጋልባቸውን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የመዳብ ፋኖስ የሚባል ፈረስ ደረሳት። ስሙን ሳስገባ በጎኑ "ከአጥሩ አርቁት" የሚል ወጣ።

ጣቴን ከፊደሎቹ ላይ አነሳሁ። ፈረሱ ሦስት ዓመቱ ነው። ዴልማር ሲሞት ገና ውርንጭላ ነበር፣ ስም እንኳ አልወጣለትም።

ሬቫ ስነግራት ሳቀች። የሞተ ፈረስ ስም ከዓመታት በኋላ ለሌላ እንደሚሰጥ አስታወሰችኝ፤ አባቷ የጻፈው ስለ ድሮው ነው። እውነቷን ነው። የድሮውን እኔው ራሴ አጥቤዋለሁ፤ አጥር ሲያይ ይደነብር ነበር። ቢሆንም አትጋልቢው አልኳት።

"እማ፣ የሞተ ሰው ስለ ሞተ ፈረስ ጻፈ ብዬ ከሥራ ልቅር?"

"አዎ፣ ቅሪ።"

"አንቺና ይሄ ቆርቆሮሽ አንድ ላይ ጃጅታችኋል" ብላ ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

ተከትያት ወደ እሽቅድምድሙ ሜዳ ሄጄ፣ ዴልማር ሁልጊዜ ይቆምበት ከነበረው ከመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ቆምኩ። ሬቫ ሦስተኛ ሆና መጣች። በውስጠኛው አጥር በኩል መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቶላታል፤ አጭሩ እሱ ነውና ማንም ጋላቢ አይተወውም። እሷ ግን ልጓሙን ስባ ወደ ውጭ ወጣች። ከኋላዋ የነበረው በክፍተቱ ገባ። ወዲያው ከፊቱ ይሮጥ የነበረው ፈረስ እግሩ ተሰብሮ ወደቀ፤ እሱም በላዩ ላይ ተገለበጠ።

ሁለቱን ጋላቢዎች በአምቡላንስ ወሰዷቸው። ሬቫ ኮርቻዋን ታቅፋ ወደ እኔ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ፈረሱ ደንብሮብሽ ነው ወይ አልኳት። አልደነበረም አለች።

"አንቺ አጠገብ ሆኖ ባርኔጣውን እያውለበለበ ወደ ውጭ ውጪ ይለኝ የነበረው ሰውዬ ማን ነው?"

ብቻዬን ነበር የቆምኩት። አልነገርኳትም። ዴልማር በባርኔጣው ይጣራ እንደነበር ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

እሑድ ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ መጥታ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። የዛሬውን አስገቢው አለችኝ። አስገባሁ። ፕሮግራሙ አሰላና ፈረሷን ሁለተኛ አደረገው። በጎኑ ምንም የለም።

"ምንም ካላለ ደህና ነው ማለት ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

ቦት ጫማዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ባዶውን ቦታ ታያለች። ትናንት አትሂጂ ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሂጂ ልላት ፈለግሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ።