የፈቃደኞቹ ቀበሌ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ የያርጋል ማሳ ዘሩን እንኳ አልመለሰለትም። በሬዎቹን ዳባት ገበያ አውርዶ ሸጠ፤ የሸጠበትም ተበልቶ አለቀ። በጥር የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቢራራ ሕዝቡን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሰበሰበ። የተመደበበትን የሰፋሪ ቁጥር ቀድሞ ላሟላ ሊቀመንበር ሹመት እንደተዘጋጀለት የተሰማው ኋላ ነው።

«መንግሥት ማንንም አያስገድድም» አለ ከደባርቅ የመጣው ካድሬ። «መተከል ለም መሬት አለ፤ በሬ አለ፤ ቤት አለ። መሄድ የማይፈልግ አባወራ እጁን ያውጣ!»

ያርጋል መሄድ አይፈልግም፤ ቆላ ወርዶ የወባ ሲሳይ መሆንን ይፈራል። ግን ብቻውን እጁን አውጥቶ የእርዳታ ስንዴ ቢከለከልስ? ጎረቤቱን ይግዛውን በጎን አየው። ይግዛውም እሱን እያየ ነበር። ሁለቱም አቀረቀሩ።

ሚስቱ ማንጠግቦሽ እጇን አወጣች።

«አባወራ ነው የተባለው!» አላት ቢራራ። «ያርጋል፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

የሰው ዐይን ሁሉ አረፈበት።

«ሰው ሁሉ ከሄደ እኔ ምን ቀረኝ?» አለ።

ካድሬው አጨበጨበ፤ ሕዝቡም ተከትሎ አጨበጨበ። ብዙም ሳይቆይ መኪናዎቹ መጥተው ጫኗቸው።

መተከል በገቡ በመጀመሪያው ክረምት ወባ ትንሿን ልጃቸውን ስጦታን ወሰደቻት። ከቀብር ሲመለሱ ያርጋል ይግዛውን፣

«ያን ዕለት እጅህን ብታወጣ እኔም አወጣ ነበር» አለው።

«እኔስ?» አለ ይግዛው። «አንተን አይደል ስጠብቅ የነበር!»



መስከረም ጠባ። የሰፋሪውን ኑሮ እናጠናለን ያሉ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ያርጋልን ያገኙት ዱቄት ሊቀበል ተሰልፎ ነው። የሰፈራ ጣቢያው ኃላፊ ከጠያቂዎቹ ኋላ ቆሟል።

«በፈቃድህ ነው የመጣኸው? ኑሮህስ ተሻሻለ?»

ያርጋል የዱቄቱን ጆንያ አየ፤ ኃላፊውን አየ።

«በፈቃዴ ነው። ተሻሽሏል፤ ተመስገን» አለ።

በኅዳር ሌላ መኪና ሰው አራገፈ። የማንጠግቦሽ ታናሽ እህት እናናዬ፣ አገር ቤት ድብ ባሕር የቀረችው፣ ከነልጆቿ ወረደች። አቧራዋን እያራገፈች በዐይኗ ስጦታን ፈለገች።

«ያርጋል አልፎለታል፤ በገዛ አፉ መስክሯል ብለው በስብሰባ ነገሩን» አለች። «እኛም እሱ ካለ ብለን መጣን።»

ማንጠግቦሽ የእህቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አነባች። ያርጋል ዕቃ ሊያወርድ እጁን ሲዘረጋ፣

«ተወው!» አለችው ማንጠግቦሽ። «እኛው እንሸከመዋለን።»