የሰባ አንድ ደቂቃ ትንፋሽ

፩

የፊልም ድምፅ ሰጪዎች ቅጽ

ስም፦ አስካለ ወልደሰማያት
ዕድሜ፦ 58
የሚጫወቱት ገጸ ባሕርይ፦ ኑሪ
የገጸ ባሕርይዋ ዕድሜ፦ 13
ስለ ፊልሙ ያለዎት የግል አስተያየት (ከአንድ ገጽ ያልበለጠ)፦

ፊልሙ ጥሩ ነው።

፪

ተካልኝ ቅጹን መለሰላት።

ተካልኝ የውጭ አገር የካርቱን ፊልሞችን ወደ አማርኛ የሚመልስ የአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ባለቤት ነው። ተርጓሚውም፣ አዘጋጁም፣ ቅጹን የፈጠረውም እሱ ነው። ማንም ድምፅ ሰጪ ፊልሙን አይቶ የተሰማውን ካልጻፈ በስተቀር ማይክ ፊት እንዳይቆም ደንብ አውጥቷል። ደንቡን በሩ ላይ ለጥፎታል።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ እኮ አስተያየት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ስለ ሽሮም እንዲህ ይባላል።»

«ስለ ሽሮ ከሆነ ብዙ የምለው አለኝ» አለች አስካለ፣ ቅጹን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች።

፫

አስካለ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሬዲዮ ድራማ ሕፃን ሆና ኖራለች። ወንድ ልጅ ሆናለች፣ ሴት ልጅ ሆናለች፤ አንድ ጊዜ መንታ ሆና እርስ በርሷ ተጣልታለች። ጡረታ ከወጣች አራት ዓመቷ ነው። ድምፅዋ ግን ጡረታ አልወጣም። ዛሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው።

ይህ ድምፅ ያመጣባት ነገር ብዙ ነው። በከፊል፦

ውሃ ጠፋ ብላ ስትደውል የተሰጣት መልስ፦ «የኔ ቆንጆ፣ ትልቅ ሰው አቅርቢልኝ።»

ስልክ ደውሎ ዕቃ ሊሸጥላት የሞከረ ሰው፦ «አባባ መቼ ይመጣል?»

የባሏ ቀብር ላይ ስታለቅስ ከኋላ የቆመ አንድ ሰው፦ «ኧረ ልጅቷን ወደ ቤት ውሰዷት።»

እውነተኛዋ ልጅ፣ ኤፍራታ፣ ያን ዕለት አጠገቧ ቆማ ነበር። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ድምፅ አላሰማችም።

፬

ፊልሙን ላላየ አንባቢ፦

ኑሪ የምትባል ልጅ ከእናቷ ጋር ሐይቅ ዳር ትኖራለች። እናትየው ሰው በጀልባ ታሻግራለች። ኑሪ አሥራ ሦስት ዓመት በሞላት ማግስት ጠዋት አፏን ስትከፍት ድምፅዋ ዘሎ ይወጣል። ጫጩት የሚያህል ቢጫ ነገር ነው። በመስኮት ይሄዳል። ልጅቷ ትከተለዋለች። ሐይቁን ትሻገራለች፣ ዳገት ትወጣለች፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር በምልክት ትግባባለች። በመጨረሻ ስታገኘው ድምፅዋ አድጎ፣ ላባው ጠቁሮ፣ እሷን ረስቷታል። ተለማምጣው ይመለስላታል።

ቤት ስትደርስ እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ የጀልባ ገመድ ትፈታለች። ኑሪ ትጠራታለች። እናትየው ድምፁን አታውቀውም።

«ማን ነሽ?» ትላለች፣ ሳትዞር።

«እኔ ነኝ» ትላለች ኑሪ።

ያልቃል።

ርዝመቱ 94 ደቂቃ ነው። ከዚያ ውስጥ ሰባ አንዱን ደቂቃ ኑሪ ድምፅ የላትም።

፭

«ድምፅ ከሌላት እኔን ለምን ፈለግኸኝ?»

«ትተነፍሳለቻ» አለ ተካልኝ።

እውነቱን ነበር። በካርቱን ፊልም ውስጥ ማንም በራሱ አይተነፍስም። አንድ ሰው ማይክ ፊት ቆሞ ሊተነፍስለት ይገባል። ተካልኝ የትንፋሾቹን ዝርዝር በቁጥር ጽፎ ሰጣት፦

ትንፋሽ 14፦ ዳገት ስትወጣ።
ትንፋሽ 15፦ ዳገቱ ገና እንዳላለቀ ስታይ።
ትንፋሽ 22፦ ከውሃ ስትወጣ።
ትንፋሽ 31፦ ልቅሶ ሊመጣ ሲል።
ትንፋሽ 32፦ ሲቀር።

፮

ስለ ፊልሙ ያለዎት የግል አስተያየት፦

ፊልሙ ስለ ማደግ ነው። ሥዕሉ ያምራል፤ ሐይቁ በተለይ። ልጆች ቢያዩት ይማሩበታል።

(ተካልኝ «ይማሩበታል» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበት ከጎኑ «እርስዎስ?» ብሎ ጽፏል። ቅጹ ተመልሷል። ሥራው ስለዘገየ ግን ደንቡ ላልቶ ቀረጻው ተጀምሯል።)

፯

ትንፋሽ 31ን አስካለ በአንድ ጊዜ ቀዳችው። ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ሳብ፣ ከዚያ ትንሽ ማቆም፣ ከዚያ ምንም።

ተካልኝ ከመስታወቱ ማዶ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ይሄን ከየት አመጡት?»

«ከቤት» አለች አስካለ።

ምን እንዳለች የገባት ካለችው በኋላ ነው። ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች፤ ውሃም አልጠጣችም።

፰

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ኤፍራታ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ከትምህርት ቤት መጣች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ማንንም ሳታናግር መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

አስካለ ተከትላት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሹራቡን ስታይ ነገሩ ገባት። ስለ ወር አበባ ማስረዳት ያለባትን አስረዳቻት። በሚገባ ነው ያስረዳቻት፤ እዚህ ላይ ማንም አይወቅሳትም። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሰማቻት። ከዚያ ትንፋሿን ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ሳበችና፣

«እማ፣ ትንሽ መሆኔ አለቀ ማለት ነው? ማንም ሳይጠይቀኝ?» አለች።

አስካለ አቀፈቻት። አቅፋት ሳለች፣ ከልጅቷ ራስ በላይ ግድግዳውን እያየች፣ ያቺን ንግግር በልቧ ደገመቻት።

እንዳትጠፋባት ነው።

፱

በወሩ አስካለ የምትጫወታት የሬዲዮ ልጅ እናቷ ሞተችባት። ጽሑፉ ላይ ልጅቷ «እናቴን፣ እናቴን» ብላ ታለቅሳለች ይላል። አስካለ «ይሄ ተሰልችቷል» ብላ ሰረዘችው። በምትኩ ትንፋሿን ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ሳበችና፣ በኤፍራታ ድምፅ፣ የኤፍራታን ንግግር አለችው።

እሑድ ተላለፈ። ሰው ቤቱ ሆኖ አለቀሰ። ደብዳቤ በጆንያ መጣ።*

ሰኞ ኤፍራታ ክፍል ስትገባ ከኋላ ወንበር አንዱ ትንፋሹን ሁለት ጊዜ ሳበ። ሌሎቹ ተቀበሉት። ያን ሐሙስ ሹራቡን ያዩ ልጆች ነበሩ፤ ነገሩን ለማገናኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስሟ «አለቀ» ሆነ።

በሳምንቱ ሰኞ ማታ ልጅቷ እራት ሳትነካ፣

«እማ፣ ያ የኔ ነበር» አለች።

አስካለ ደብዳቤዎቹን እየለየች ነበር።

«ሰው እኮ ወደደው፣ ኤፊ» አለቻት።

_____
* በዚያ ዓመት የምስክር ወረቀትም ተሸልማለች። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፏል፦ «የልጅነትን እውነተኛ ድምፅ ለአድማጭ በማድረሷ።»

፲

አልጠየቀቻትም።

፲፩

ኤፍራታ አልጮኸችም፣ አላኮረፈችም፣ ከቤት አልጠፋችም። ለእናቷ የምትናገረውን ብቻ ቀነሰች። አድጋ፣ ተምራ፣ ሐዋሳ አንድ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ መነጽር ትለካለች። ቀኑን ሙሉ ሰው ፊት መስታወት እየቀያየረች «ይሄኛው ይሻላል፣ ያኛው?» ትላለች። እሑድ እሑድ እናቷ ትደውልላታለች።

«ደህና ነሽ?»
«ደህና።»
«በላሽ?»
«በላሁ።»
«ሐዋሳ ዘነበ?»
«ዘንቧል።»

ከዚህ ውስጥ ለሬዲዮ የሚሆን አንድም ዐረፍተ ነገር የለም።

አስካለ ይህን ለብዙ ዓመታት የልጅቷ ጠባይ ነው ብላ ስታስብ ኖራለች።

፲፪

ስለ ፊልሙ ያለዎት የግል አስተያየት፦

(ሦስተኛው ቅጽ። አስካለ የጻፈችው አንባቢ ከቁጥር ፰ እስከ ፲፩ ያነበበው ነው። ተራኪው «እኔ» ያለችውን «አስካለ» ከማድረግና ፊደሉን ከማስተካከል በቀር ብዙ አልነካካውም። የመጨረሻዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ «ፊልሙ ላይ ድምፁ በራሱ ይሄዳል። እኔ ቤት እንደዚያ አልነበረም።»)

ተካልኝ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ተቀምጦ ደግሞ አነበበው።

«ከአንድ ገጽ በልጧል» አለ።

ተቀበለው።

፲፫

ትንፋሹ በአራት ቀን ተጠናቀቀ። የቀረው የመጨረሻው ንግግር ነው፤ ያደገችው ኑሪ «እኔ ነኝ» የምትለው።

ሙከራ 1፦ «ሕፃን ነው» አለ ተካልኝ።
ሙከራ 4፦ «ጉንፋን የያዘው ሕፃን።»
ሙከራ 9፦ «አሁን ደግሞ አያቱን የሚያስመስል ሕፃን።»
ሙከራ 12፦ «ወንድ ሆነ።»
ሙከራ 19፦ ተካልኝ ሻይ አስመጣ።

«ያደገ ድምፅ የለዎትም እንዴ?»

«ፈልጎኝ የሚመጣ ሁሉ የሚፈልገው ትንሹን ነው። ትልቁን መቼ እንደተውኩት አላውቅም።»

«የእርስዎን ድምፅ የሚመስል፣ ግን ያደገ፣ የሚያውቁት ሰው የለም?»

«የለም» አለች አስካለ።

ሻይዋን ጨረሰች።

«አለ» አለች።

፲፬

የስልክ ንግግር። ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት።

አስካለ፦ ደህና ነሽ?

ኤፍራታ፦ ደህና። ዛሬ እኮ እሑድ አይደለም።

አስካለ፦ አይደለም። አንድ ፊልም አለ። ካርቱን ነው። አንዲት ልጅ ድምፅዋ ይጠፋባታል።

ኤፍራታ፦ ማን ወሰደባት?

አስካለ፦ ማንም። ፊልሙ ላይ ራሱ ነው የሚሄደው።

ኤፍራታ፦ እሺ።

አስካለ፦ መጨረሻ ላይ አድጎ ይመለስላታል። ያደገውን እኔ አልቻልኩትም። አንቺ እንድትዪው ፈልጌ ነው። ሁለት ቃል ነው።

ኤፍራታ፦ የኔን ድምፅ ፈልገሽ ነው።

አስካለ፦ አዎ።

ኤፍራታ፦ ከዚህ በፊት ስትፈልጊው ደውለሽ አታውቂም።

አስካለ፦ አላውቅም። ያ ነገር ያንቺ ነበር። ነግረሽኝ ነበር፤ እኔ ሰው ወደደው አልኩሽ። እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። መጀመሪያውኑ መውሰድም አልነበረብኝም። አሁን ልጠይቅሽ ነው የደወልኩት። እምቢ ካልሽ እምቢ ነው፤ ለምን አልልሽም።



ኤፍራታ፦ ታካሚ እየጠበቀኝ ነው።

አስካለ፦ እሺ።

ኤፍራታ፦ መጀመሪያ ፊልሙን አያለሁ። አይቼው ነው የምወስነው።

፲፭

ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ መጣች። እናትና ልጅ ስቱዲዮው በር ላይ ተሳሳሙ፤ አራት ጊዜ፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ተካልኝ ፊልሙን ከፈተላት። ሰባ አንዱን ደቂቃ እናቷ ስትተነፍስ እየሰማች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሳትነቃነቅ አየችው። ትንፋሽ 31 ላይ ወደ እናቷ ዞረች። አስካለ ወለሉን ታይ ነበር።

«ይሄ ይውጣ» አለች ኤፍራታ።

ተካልኝ አስካለን አየ።

«ይውጣ» አለች አስካለ። «ሌላ እተነፍሳለሁ።»

ሲያልቅ ተካልኝ ቅጽ ሰጣት። ደንብ ነው። ኤፍራታ በሁለት ደቂቃ ሞልታ መለሰችለት፤ ጮክ ብሎ አነበበው።

«እናትየዋ ለምን አትዞርም? ማን ነሽ ብላ ከምትጠይቅ ዞራ ብታይ አይቀላትም?»

አስካለ ፊልሙን ዘጠኝ ጊዜ አይታዋለች። ይህን አንድም ጊዜ አላሰበችም።

«ገመዱን ይዛ እኮ ነው» አለች። «ብትለቀው ጀልባው ይሄድባታል።»

«ይሂዳ» አለች ኤፍራታ።

ከዚያ ጃኬቷን አውልቃ ማይኩ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀች።

፲፮

የእናትየዋን ድምፅ የሰጠችው ተዋናይ ሥራዋን ጨርሳ ሄዳለች። ስለዚህ ኤፍራታ እንድትመልስለት «ማን ነሽ?» የሚለውን አስካለ እንድትልላት ተደረገ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ቆሙ።

ኤፍራታ ማይኩን ወደ ቁመቷ አስተካከለች።

«የተጻፈውን ብቻ ነው የምለው?»

«ከንፈሯ ሁለት ሰከንድ ይንቀሳቀሳል» አለ ተካልኝ። «በሁለት ሰከንድ ካለቀ የፈለግሽውን በዪ።»

ሁለት ጊዜ ተቀዳ። ፊልሙ ውስጥ የገባው ሁለተኛው ነው፤ እሱ ላይ እንደተጻፈው «እኔ ነኝ» ትላለች። የመጀመሪያው ከዚህ በታች ያለው ነው። ያለችው ይጻፍ ወይ ተብላ ኤፍራታ ተጠይቃ ነበር። አይጻፍ ብላለች።

አስካለ፦ ማን ነሽ?

ኤፍራታ፦






(የልብስ ኮሽታ። አስካለ ዞራለች።)

አስካለ፦ እሺ።