ያልተቀጠረው ሠራተኛ

ለአሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ ለሰው «አይሆንም» ማለት ነበር። እርግጥ «አይሆንም» የሚለውን ቃል አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም። እሱንማ ማንም ይጽፈዋል፤ ለእኔ የሚከፈለኝ ሳልጽፈው እንድለው ነው።

የሥራ ማመልከቻ ያስገቡና ያልተመረጡ ሰዎችን በደብዳቤ የማሰናበት ኃላፊ ነበርኩ። ድርጅቱ ትልቅ ነው፤ ምን እንደሚሠራ እዚያው የምንውለውም አልፎ አልፎ ይምታታብን ነበር፤ ሥራ ፈላጊ ግን እንደ ጎርፍ ይመጣበታል። እማዬ ለጎረቤት «ልጄ ሰው የምትቀጥር ናት» ትላለች። ከመቶ ሰው አንዱን ተቀብዬ ዘጠና ዘጠኙን እንደምሸኝ አልነገርኳትም። ምን አስቸኮለኝ?

ችሎታ ግን ነበረኝ፤ ለራሴ ምስክር ልሁን። የእኔ ደብዳቤ የደረሰው ሰው አይሳደብም፣ አይከስስም፣ በር ላይ መጥቶ አይጮህም። ባልደረቦቼ «በአክብሮት» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኛል፤ እያንዳንዱን ደብዳቤ የምዘጋው በዚያ ቃል ስለሆነ። የተሰጠኝ ወንበር ጀርባ ያሻል። መኪና ከነነዳጁ ተመድቦልኛል። ሁለት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ ተብዬ ከመስታወት የተሠራ፣ ውኃ የማይጠጣበት፣ አበባ የማይቀመጥበት ዋንጫ ተሸልሜያለሁ። እንዲህ ዓይነት ኑሮ ጠልቶ ጠዋት ጠዋት መኪናው ውስጥ አሥር ደቂቃ መሪ ላይ ተደፍቶ የሚቀመጥ ሰው ምን ይባላል? ጥጋበኛ። እኔም ራሴን እንደዚያ ነበር የምለው፤ ከዚያ ፊቴን አስተካክዬ እገባለሁ።

ከዚህ ሥራ በፊት ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ አስተምር ነበር። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የድሮ ጓደኛዬ ናት፤ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ «ተመለሽ፣ አስተማሪ አጥቻለሁ» ብላ ትጽፍልኛለች። የምትከፍለው ደመወዝ የእኔን ሩብ አይሞላም። እኔም በየዓመቱ ባማረ ደብዳቤ እሸኛታለሁ። ባለፈው ዓመት ደውላ «ደብዳቤሽን ለመምህራኑ በሙሉ አነበብኩላቸው» አለችኝ። «ግማሾቹ ትመጣለች አሉ፣ ግማሾቹ አትመጣም አሉ። እኔ ደግሞ ማን ሞቶ ነው ብዬ ነበር።»

ሳቅኩ። ምን እንዳሳቀኝ ግን ራሴም አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው አንድ ሰኞ ነው፤ ለእኔ የተገለጠልኝ ግን ሐሙስ። ሐሙስ ጠዋት የቢሮዬ በር ተንኳኳ። ሃምሳውን ያለፈ፣ ኮቱ በደንብ የተተኮሰ፣ ጸጉሩን በውኃ ያስተኛ ሰው ገባ። በእጁ ትንሽ ብሎን መፍቻ ይዟል።

«ልጄ፣ ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁሽ» አለኝ። «የሠራተኛ መታወቂያ ከአንቺ ቢሮ ነው የሚወጣው አሉኝ። ከሰኞ ጀምሮ በእንግዳ ባጅ ነው የምገባው፤ ጥበቃው አሁንስ ተሰላቸብኝ።»

ስለዚህ ሰው ከዚያ ቀን በፊት ሰምቻለሁ። በኋላ ስጠይቅ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ላይ ማየት ሲጀምር ሱቁን ዘጋ። እኛ መሥሪያ ቤት ግን የሚያውቁት «አዲሱ ጋሼ» በሚል ነው። ማክሰኞ የስብሰባ አዳራሹን በር አስተካክሏል፤ ያ በር በተከፈተ ቁጥር እንደሚታረድ በግ ይጮህ ነበር። ቁልፉ የተበላሸው የፋይል ሳጥን ደግሞ ዓመት ሙሉ ኮሚቴ ተቋቁሞለት፣ ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ወልዶ፣ ንዑስ ኮሚቴው ሥልጠና ሄዶ ነበር። ሰውየው ሻይ እስኪቀርብ ከፈተው። ረቡዕ በነበረው የሠራተኞች ስብሰባ ዋናው ኃላፊያችን ቆመው «አዲስ የገባው ባልደረባችን ያሳየው ትጋት ለሁላችሁም ትምህርት ይሁን» ብለዋል። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ፋይሉን ፈለግኩ። ከተቀጠሩት ውስጥ የለም። ካልተቀጠሩት ውስጥ አለ፤ ከደብዳቤው ግርጌ የእኔ ፊርማ ተንጋሎ ተኝቷል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይቀመጡ።»

«ግዴለም፣ ማተሚያዋን ፈትቼ ነው የመጣሁት።»

«ይቀመጡ። የተላከልዎት ደብዳቤ… እንዳልተቀጠሩ ነው የሚገልጸው።»

ፈገግ አለ፤ ልጅ የምትቀልድ መስሎት። ከኮቱ የውስጥ ኪስ ደብዳቤውን አወጣ። በላስቲክ ተሸፍኗል። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበና ወደ እኔ ገፋው።

«የት ጋ ነው?»

እኔም ማንበብ ጀመርኩ። «ማመልከቻዎን በታላቅ ደስታ ተመልክተነዋል።» እዚህ አይደለም። «እርስዎን የመሰለ የካበተ ልምድ ያለው ባለሙያ ፊቱን ወደ ድርጅታችን በማዞሩ የተሰማንን ኩራት ለመግለጽ ቃላት ያጥሩናል።» እዚህም አይደለም። እኔ የጻፍኩትን ደብዳቤ፣ እኔው፣ በጣቴ እየተከተልኩ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፈለግኩት። አራተኛው መስመር ላይ ተሸጉጦ አገኘሁት። «ምንም እንኳ በዚህኛው ዙር ዕድሉ ለሌሎች ተወዳዳሪዎች የተመቻቸ ቢሆንም፣ ምንጊዜም የቤተሰባችን አባል እንደሆኑ እንዲሰማዎ እንወዳለን።»

«እዚህ ጋ» አልኩት። «‹ምንም እንኳ› የሚለው ጋ።»

«‹ምንም እንኳ› ማለት አልተቀጠርክም ማለት ነው?»

«እዚህ ቤት፣ አዎ።»

አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የለመድኩት ባይሆንም አንድ ነገር እለው ነበር። መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገው።

«ለባለቤቴ ሁለቴ አንብቤላታለሁ» አለ በመጨረሻ። «ቤተሰባችን ነህ ካሉህማ ሰኞ ጠዋት መገኘት ነው እንጂ ምን ትጠብቃለህ አለችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ብሎኛል።» ከዚያ ተነሣ። «ማተሚያዋ እንደተፈታች ናት። እሷን ገጥሜ ልሂድ?»

ፈቃዴን ነበር የሚጠይቀው። ራሴን ነቀነቅኩ። ሄዶ አንድ ሰዓት ያህል ሠርቶ፣ ሞክሮ፣ የእንግዳ ባጁን ለጥበቃው መልሶ ወጣ።

እኔ ወደ ዋናው ኃላፊ ሮጥኩ። ትናንት ያስጨበጨቡለት ሰው አልተቀጠረም፤ ታዲያ አሁን እንቅጠረው አልኳቸው። ቦታው ተይዟል አሉኝ። ማን ያዘው? የአንድ የቦርድ አባል የእህት ልጅ፤ ለጊዜው ውጭ አገር ለዕረፍት ስለሄደ ሲመለስ ይጀምራል።

«አንቺ ብቻ ደብዳቤ ጻፊለት» አሉኝ። «ይቅርታም፣ ምስጋናም ያለበት። ሞቅ ያለ። በአንቺ እንተማመናለን።»

ቢሮዬ ገብቼ ጀርባ በሚያሸው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ጀርባዬን እያሸ ጻፍኩ፦ «አልቀጠርንዎትም። የመጀመሪያው ደብዳቤ ግልጽ አልነበረም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለደረሰብዎት ውርደት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራዎ ግሩም ነው።» የኃላፊውም ፊርማ እንዲኖርበት አቀረብኩት።

ኃላፊው አንብበው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «አሞሻል እንዴ?»

«ምነው?»

«ይሄ እኮ ይገባል! ሰውየው ሲያነበው ሊገባው ነው! ነገ ይዞት ፍርድ ቤት ቢሄድስ?» ወረቀቱን መለሱልኝ። «ሂጂና አለስልሺው።»

አላለሰልስኩትም። ከሥራ ሰዓት በኋላ አድራሻውን ይዤ ቤቱ ድረስ ወስጄ ሰጠሁት፤ ፊርማው የእኔ ብቻ ነው፣ ማኅተምም የለውም። በር ላይ ቆሞ አነበበው። «ይሄኛው ገባኝ» አለና አመሰገነኝ። ባለቤቱ ግን ከኋላው ሆና አየችኝ፤ ግቢ አላለችኝም። እውነቷን ነው።

እሑድ ከምሳ በኋላ የቤተሰብ ጉባኤ ተቀመጠ። ለቅቄ ወደ ማስተማር ልመለስ እያሰብኩ ነው ብዬ ለእህቴ በምስጢር ስለነገርኳት በማግስቱ ቤተ ዘመዱ በሙሉ ያውቅ ነበር። እማዬ ከፊት፣ ታላቅ አጎቴ ከቀኝ፣ ባለቤቴ ከጥግ። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» ብላ ከፈተችው እማዬ። «ምን ጎደለሽ? ማን ነካሽ? የልብ ቁርጠት ካለሽ ሐኪም ቤት አለ።»

«እማዬ፣ ሥራው ነው የሚቆርጠኝ።»

«እርካታ ነው የምትፈልገው» አለ አጎቴ፤ ቃሉን እንደ በሽታ ስም ጠራው። ሠላሳ አራት ዓመት የመሬት ምዝገባ ቢሮ ማኅተም ሲመታ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። «እኔ ረክቼ ነበር? ማንም አልጠየቀኝም። እርካታ የጡረታ ሰው ነው። አሁንም ቢሆን ጉልበቴ እያመመኝ መቼ ቀመስኩት?»

ሁሉም ወደ ባለቤቴ ዞሩ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው» አለ። «አንድ ቤት አንድ አስተማሪ ይችላል። ሁለት ከሆኑ ቤቱ ራሱ ተማሪ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ይርበዋል።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን ለአራት ቀን አልተነጋገርንም፤ «ጨው አቀብይኝ» ካልሆነ በቀር። አሁን ስናገረው ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን ሁለት ሐሳብ ሆኜ ሰነበትኩ። መኪናው ውስጥ መቀመጤ ከአሥር ደቂቃ ወደ ሃያ አደገ። አንድ ቀን «ሰው የሚያልመውን ሥራ ይዘሽ ምን ያስለቅስሻል» ብዬ ራሴን ተሳደብኩ፤ በማግስቱ ደግሞ ዘጠና ዘጠኝ ሰው የቤተሰባችን አባል አደረግኩ።

በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ የቡና ስኒውን አስቀምጦ «የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፈሻል?» አለኝ። አሳየሁት። አንድ መስመር ነው፦ «ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ሥራዬን ለቅቄያለሁ።» ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ ቆይቶ ቆይቶ ቀኑን ብቻ አስተካከለ፤ ተሳስቼ ነበር።

«መኪናውን እንደሚወስዱት ታውቂያለሽ አይደል?» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያውስ ማልደን መነሳት ነው።» ከዚያ ተነስቶ ወጣ። መረቀኝ ወይስ ረገመኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ዋናው ኃላፊ መልቀቂያዬን ሲያዩ አላመኑም። ሌላ ድርጅት ስንት እንደጨመረልኝ ጠየቁኝ። የትምህርት ቤቱን ደመወዝ ስነግራቸው በጣም አዘኑልኝ፤ ያን ያህል ከልባቸው ሲያዝኑ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰዓት ሠሪው በእኔ ምክንያት አልተጠቀመም፤ ሁለት ወር ተንከራትቶ በራሱ ጥረት ዳቦ ቤት የማሽን ጠጋኝ ሆኖ እንደገባ በኋላ ሰማሁ። እማዬ ደግሞ ለጎረቤት «ልጄ ለተጨማሪ ትምህርት ነው የወጣችው» አለች። ውሸት አይደለም፤ ትምህርት ቤት ነው የምውለው።

በመጀመሪያው ሳምንት ዳይሬክተሯ ክፍሌ ገብታ ከኋላ ተቀምጣ አዳመጠችኝ። ስጨርስ «ዓረፍተ ነገርሽ ረዝሟል» አለችኝ። «ሰዎቹ መሀል ላይ ተኙ።» እውነት ነው፤ አንዱ ጫኝና አውራጅ እያንኮራፋ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የተሸለምኩበትን ልማድ ለመተው አንድ መንፈቅ ፈጀብኝ።

ተማሪዎቼ ውስጥ አትክልት የሚሸጡ አንድ እትዬ አሉ፤ ስድሳ ዓመታቸው ነው። ፊደል ለመያዝ ሦስት ወር ታገሉ፤ ቀለሙ አልገባ እያላቸው ጥቁር ሰሌዳውን ረገሙት፣ እኔንም ጨመሩበት። አንድ ጠዋት ትምህርት ሳይጀመር በሩን በርግደው ገቡ። ደብተራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወሩት።

«አንቺ!» አሉኝ። «ያ የግቢው መዝጊያ ላይ የተለጠፈው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«ምን ይላል እትዬ?»

«‹ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው› ይላል! አሁን ቆሜ አነበብኩት፤ ከነነጥቡ! ሦስት ወር ሙሉ በክልክል በር ስገባ ስወጣ እያየሽ ዝም ትይኛለሽ? ቢይዙኝስ ኖሮ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ተቀምጠው ደብተራቸውን እየከፈቱ «ነገ ፈቃዱን ጻፊልኝ» አሉ። «አጭር አድርጊው። ራሴ አንብቤ ነው የምቀበለው።»