ላስቲክ ለሰላት

...ደግሞስ ማን ያውቃታል፣ ኒቃቡ ከዓይኗ በቀር የሚያሳየው የለም፣ ድምፅዋንም አቅጥናዋለች፣ ላስቲክ ለሰላት! ጭቃው ልብስ ያበላሻል፣ ኑ ውሰዱ! ትላለች ረውዳ፣ ደሴ፣ ሆጤ ሜዳው በር ላይ፣ ሲዘንብ አድሮ ዒዱን በጭቃ የተቀበለ ሰው ሁሉ ከመስገጃው ሥር የሚያነጥፈው ላስቲክ ይፈልጋል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ገበያው ደርቷል። የምትሠራበት ፋብሪካ ዛሬ ዝግ ነው፣ የክር ማሽኑ ዝም ብሏል፣ እሷ ግን ዝም ብትል ደሞዙ ወር አያደርስም፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከኮምቦልቻ መጣች።

ሼም ነው። ምኑ ነው ሼሙ፣ ሠርቶ መብላት፣ ሌብነት አይደል፣ ወላሂ ሌብነት አይደለም፣ ውሸቱ ነው እንጂ፣ አዎ ውሸቱ፣ አባ በሬ ሽጦ ኮሌጅ ሲያስተምራት፣ ሒሳብ ክፍል ተቀጠርኩ ያለችው፣ እሱም ኩታበር ገበያ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ፣ የኔ ልጅ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትሠራ ይላል አሉ። ወንበር! ማሽኑ አጠገብ ወንበር ያየ ማን አለ፣ ቆማ ውላ ማታ እግሯ ጫማ አላስወልቅ ይላታል።

ላስቲክ! ኧረ ትላንት በግማሹ ነበር ይላሉ አንዲት አሮጊት፣ የዛሬው የዛሬ ነው እማማ፣ ይውሰዱ። ተክቢራው ከድምፅ ማጉያው ይወርዳል፣ አላሁ አክበር፣ አላሁ አክበር፣ ሰዉ ነጭ በነጭ ሆኖ ይጎርፋል።

ከሰዉ መሀል አንድ አረማመድ። አይ። እዚያው ኩታበር ነው የምሰግደው ብሏት የለ፣ ግን ግራ እግሩን ጎተት ሲያደርግ፣ ሽርጡን በአንድ እጁ ሰብሰብ፣ ያ አላህ፣ አባ ነው።

ሩጪ። የት ትሩጥ፣ ዕቃው እግሯ ሥር ተዘርግቷል።

አሰላሙ አለይኩም የኔ እናት፣ ስንት ነው? ወአለይኩሙ ሰላም አባባ፣ ይውሰዱ፣ ጥሩ ነው፣ ትለዋለች፣ የገዛ አባቷን፣ እንደ ማንም መንገደኛ፣ በዚያ በቀጠነ ድምፅ፣ ምላሷ ደግሞ የለመደውን እጥፍ ዋጋ ይጠራል፣ መቀነስ አቅቷት ነው? እንዲሁ ይውሰዱ ማለት አቅቷት? ምን ዓይነት ሰው ሆናለች። ላስቲኩን ስትዘረጋለት እጇን ያያል፣ ረዘም አድርጎ ያያል። ከዚያ ይከፍላል። አይከራከርም፣ ለጨው እንኳ ተከራክሮ ባለሱቅ የሚያስመርር ሰው። አላህ ይባርክልሽ፣ ብሎ ያልፋል።

አላወቃትም። ቢያውቃት ዝም ይል ነበር? ሰው ፊት ባይጮህ እንኳ ፊቱ ይጠቁር ነበር፣ አላወቃትም፣ አላወቃትም፣ ታዲያ ለምን አልተከራከረም።

ግንቡ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ጀርባውን ይሰጣታል፣ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን እየፈለገ ይጫናል። ኪሷ ውስጥ ይነዝራል። ታንሣው? ብትተወውስ? ታነሣዋለች።

ረውዳዬ፣ ዒድ ሙባረክ ልጄ። ዒድ ሙባረክ አባ፣ የት ነህ? ደሴ መጥቼ ልሰግድ ነው፣ ሥራ ላይ ነሽ? ሥራ ላይ ነኝ፣ ትላለች፣ አይዞርም እኮ፣ ግንቡን እያየ ነው የሚያወራው፣ ዞር ቢል ዓይን ለዓይን ናቸው፣ አይዞርም፣ እንዳታፍር ነው፣ እሷ እንዳታፍር ብሎ ነው ሽማግሌ ሰውዬ እንደተቀጣ ተማሪ ግንብ ላይ አፍጥጦ የቆመው፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠቻት።

አብሽሪ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ፣ ስትጨርሺ አክስትሽ ሱዓድ ቤት ነይ፣ ያላንቺ ምሳ አይቀርብም። እሺ አባ። ደግሞ፣ ይላል፣ ድምፅሽን እንዲያ አታቅጥኚው፣ ጉሮሮሽን ትጎጂዋለሽ።

ስልኩ ይዘጋል። ላስቲኩን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ሰልፉ ይሄዳል፣ አሁንም አልዞረም፣ አንቺ፣ ስንት ነው ይሄ ይላታል አንዱ፣ ስንት ነው እኮ፣ አትሰሚም እንዴ፣ ኒቃቧ ረጥቦ አፏ ላይ ተጣብቋል፣ ዋጋውን ልትነግረው ትሞክራለች፣ በየትኛው ድምፅ...