ከሰማያዊው ቀለም ሥር

ለተማርያም ክፉ ነገር ከመምጣቱ በፊት የሚታያት ሴት ናት። ሽንኩርት እየላጠች፣ ልብስ እያሰጣች፣ ዓይኗን ሳትከድን ታልማለች። ልጇ ዮዲ ከጀጎል ግንብ ውጪ ባለው አዲሱ ከተማ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ፣ «በአባዬ ብስክሌት ነው የምመላለሰው» ካለች ወዲህ ደግሞ አንድ ሕልም ብቻ ይመላለስባት ጀመር። ብስክሌቱ የሰፈሩን ቁልቁለት ብቻውን ይወርዳል። ማንም አልተቀመጠበትም። ጎማው መሬት ሳይነካ፣ እንደ ላባ እየተንሳፈፈ በሰው መሀል ያልፋል፤ ሰዉም ዞር ብሎ አያየውም።

ብስክሌቱ አርጅቷል። ባሏ ደረጀ ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ድረስ የማስተማር ዘመኑን ሁሉ ትምህርት ቤት የተመላለሰበት ነው። ጎማው፣ ፍሬኑና ካቴናው እንዲቀየሩ ሁሉም ተስማምተዋል። ያላስማማቸው ቴላዮው ነው፤ ሌላውን ሁሉ የያዘው ዋናው ብረት። ሰማያዊ ቀለሙ አባብጦ እየተላጠ፣ በየስንጥቁ ዝገት ይታያል። ተፍቆ እንደገና ይቀባ፣ ወይስ አዲስ ይገዛ?

«አዲስ ይገዛላት» አለ ደረጀ።

ነገሩ ለተማርያምን ገረማት። ደረጀ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ እንኳ የማይጥል ሰው ነው።

«አዲሱን ማን ፈተነው?» አለች። «ይሄ ግን ያን ሁሉ ዘመን ተሸክሞህ አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም።»

ደረጀ ጉልበቱን ማሸት ያዘ።

«እማ፣ አንቺ ስትፈሪ እንኳ ተገልብጠሽ ነው» አለች ዮዲ። «ሰው አሮጌ ብረት ይፈራል፣ አንቺ አዲሱን።»

«ዝም በይ። አንቺን ያማረሽ ቀለሙ ነው።»

«አዎ፣ ብርቱካናማ። ከሩቅ እንድታዪኝ ብዬ።»

በማግስቱ እናትና ልጅ ጎማና መሪው የወለቀለትን ቴላዮ ይዘው በሸዋ በር ወደ ጀጎል ገቡ። ረፋዱ ላይ ነበር። የልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪኖች ከሁለቱም ወገን ይንጫጫሉ። ወደ ውስጥ በዘለቁ ቁጥር ድምፁ እየራቀ ሄደ፤ ጠባቡ መንገድ በሮዝ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ግድግዳዎች መሀል ይታጠፋል። ለተማርያም በዚህ መንገድ ስትሄድ ሁሌም በሌላ ሰው ሕልም ውስጥ የምትሄድ ይመስላታል።

በያጁ ዐብዱኑር የደረጀ የድሮ ወዳጅ ነው። ቴላዮውን ሲያይ ፊቱ ትንሽ ተለወጠ።

«ደረጀስ የታለ?»

«ጉልበቱ አላስወጣው አለ፣ ጋሽ ዐብዱኑር። እስከ ብረቱ ድረስ ተፍቆ ይቀባልን።»

«እስከ ብረቱ ምን ያደርጋል አቦ? ከላይ በብርጭቆ ወረቀት ሸካ ሸካ አድርገን እንቀባዋለን።»

«ከሥር ስንጥቅ ቢኖረውስ?»

ዐብዱኑር ወደ ዮዲ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ የሽቦ ብሩሹን አነሣ።

ሰማያዊው እንደ ዱቄት ረገፈ። ፀሐይ በበሩ ገብታ ብናኙን ስታበራው፣ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ሰማይ የፈረሰ መሰለ። ከሥሩ ቀይ ወጣ። ከቀዩ ሥር አረንጓዴ።

«ይሄ የሐዲያ ግድግዳ ቀለም ነው» አለ ዐብዱኑር፣ ሚስቱን ማለቱ ነው። «ቤቷን ቀብታ የተረፋትን ነው የቀባንበት።» ይህን ካለ በኋላ ምላሱን የነከሰ መሰለ።

አረንጓዴውም ሲለቅ መሪው ከሚገባበት አጠገብ ብረቱን የሚዞር ጉብ ጉብ ያለ መስመር ታየ። ሌላ ደግሞ ከታች፣ ፔዳሉ ጋ። ሦስተኛው ከኮርቻው ሥር። ለተማርያም በጣቷ ዳበሰቻቸው። የቆየ ጠባሳ ይመስላሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ብየዳ ነው።»

«ማን በየደው?»

«እኔ» አለ ዐብዱኑር። «ወላሂ ለተማርያም፣ አማና፣ አደራህን ብሎኝ ነው። በወደቀ ቁጥር እዚህ ያመጣዋል፤ እበይድና ጠባሳው እንዳይታይሽ ሌላ ቀለም እንቀባዋለን። አንዴ ጋሪ ገጨው። አንዴ በዝናብ ተንሸራተተ። ሰማያዊው ጊዜ ምን ሆኖ እንደ ነበር ግን ረሳሁት።»

ዮዲ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። ለተማርያም ግን አልሰማቻትም። አረንጓዴው የተቀባ ቀን ዮዲ ገና በሆዷ ነበረች። ደረጀ ቀለም ቀለም እየሸተተ ገባና «ልጅ ሊመጣ ነው ብዬ አሳመርኩት» አላት፤ እሷም ሸሚዙን ስላቆሸሸ ተቆጣችው። እሷ መስኮት ላይ ቆማ የማይመጣውን ክፉ ስትጠብቅ፣ የመጣው ክፉ በጓሮ ገብቶ፣ ተጠግኖ፣ ተቀብቶ አልፏል። እግሯ ሥር ያለውን ባለ ሦስት ቀለም ትቢያ በጫማዋ ጫፍ ገፋ አደረገችው።

«ይይዛል?» አለች።

«ብየዳው ይዟል፣ አልሐምዱሊላህ። ሌላው ብረት ነገ ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል። እየታየ ነው የሚነዳው።»

ቴላዮውን እዚያው ትተው ተመለሱ። ደረጀ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ጋዜጣውን አጠፈ።

«አየሽው?»

«አየሁት። ለምን ደበቅኸኝ?»

«ብነግርሽ ትሸጭው ነበር።»

«እሸጠው ነበር።»

«ይኸውልሽ። በእግሬ ብሄድ ደግሞ ግንቡ ተንዶ ሲወድቅብኝ ይታይሽ ነበር።»

ዮዲ ከኋላ ሳቀች። ለተማርያም አጠገቡ ተቀመጠች።

«አረንጓዴው ጊዜ ምንህን አመመህ?»

«ክንዴን። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተማሪ ነበር የሚጽፍልኝ።»

«ብቻህን ታመምክ» አለች፤ ያስከፋት ይህ ነበር። ደረጀም በዚህ አልቀለደም።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ያንን ብረት ስታስብ ዋለች። አዲስ ቢገዛ እሱም አንድ ቀን ይወድቃል፤ እሱም ይቀባል። ወደ ማታ ዮዲን ጠራቻት።

«አሮጌው ይሁን። ግን ቀለም አይቀባም። ቫርኒሽ ብቻ፤ ብረቱ እንዲታየኝ።»

«ብርቱካናማዬስ? እማ፣ ሰው ሁሉ ጠባሳውን ሊያይ ነው?»

«ይየው። አንቺም ስትወድቂ ትነግሪኛለሽ።»

«‹ከወደቅሽ› አይባልም?»

«ስትወድቂ ነው ያልኩሽ።»

ቫርኒሹ ሲደርቅ ብረቱ የዝናብ ደመና መሰለ። ዮዲ መንዳት ጀመረች። ለተማርያም እንደ ወትሮው መስኮት ላይ እየቆመች ታልማለች፤ በሕልሟ ውስጥ አሁን ብስክሌቱ ላይ ሰው ተቀምጧል።

አንድ ቀን ዮዲ ብስክሌቱን እየገፋች መጣች። ቀሚሷ አቧራ ነው። በሩ ላይ ጥቂት አመነታች፤ የውሃው ቧንቧ ከጓሮ ነው፣ በዚያ ዞራ መታጠብ ትችል ነበር። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀጥታ ወደ እናቷ ሄደችና መዳፏን ዘረጋች።

«ወደቅሁ፣ እማ።»

ለተማርያም አልጮኸችም። የተላጠውን መዳፍ ወደ ብርሃኑ አዞረችና አየችው።

«ሌላስ?»

«ጉልበቴን። ትንሽ።»

«ቁጭ በይ።» ውሃ በጆግ አመጣችና አጠገቧ ተንበረከከች። «ያቃጥልሻል፤ እኔን ያዢኝ» አለቻትና ቀስ አድርጋ ማፍሰስ ጀመረች።